ኢኮውን ያጠፋሁ ቀን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ጋሽዬ፤

እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? የባለቤትህ የጌጤነሽስ ስኳር ልክ ሆነላት? እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ዮሐና መንጃ ፈቃድ አውጥታ እኔን ማመላለስ ጀምራለች፤ እስካሁን አልገለበጠችኝም።

በል አሁን ወሬውን ልንገርህ፤ ሆዴ ውስጥ አላድር ብሎኛል። ያ ድምፅ ተገኘ! የትኛው እንዳትለኝ። አባባ ናዝሬት ቤታችን ይከፍቱት በነበረው የአሜሪካ ካንትሪ ሸክላ ላይ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ጣልቃ እየገባች ጧ የምትለው ጊታር! በአንዲት ጊታር ስንት ክረምት ተጣላንባት። አንተ እጅህን ወደ ኋላ፣ ክሩ ወደታሰረበት ብረት አስጠግተህ ምታ፣ ደግሞ አትፍራ ትለኝ ነበር። እኔ ዕቃው ነው እንጂ እጅ አይደለም እያልኩ ድርቅ እልብህ ነበር።

አሜሪካ ገብቼ ዕቃውን ገዛሁ። ጊታሩን ከነአምፕሊፋየሩ፣ ምንም አልቀረኝም። ድምፁ ግን የለም። ቤተክርስቲያን ስጫወት ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ ታውቀን የለ፣ ድምፅ የሚያስተጋባው ኢኮ ካልበዛ የተዘመረ አይመስለንም። ማይኩም ኢኮ፣ ኪቦርዱም ኢኮ፣ ማስታወቂያ አንባቢው ሳይቀር ኢኮ። እኔም እዚያ ውስጥ ተደብቄ ኖርኩ።

እኔ በምነዳው የአዛውንቶች ማመላለሻ ሻትል የሚሳፈር ዌስሊ የሚባል ሽማግሌ አለ። እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ፣ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ በድሮው ስልት የካንትሪ ዘፈኖች ይቀርጻል። ጊታር መቺው እጁ ታሞበት ሌላ ሁለት ሰው ሞክሮ አልሆነለትም። ምላሴ ቀድሞኝ እኔ እችላለሁ አልኩት። ይህ ካመለጠኝ ያን ድምፅ ሳላገኘው እንደማረጅ አውቄዋለሁ።

ቅዳሜ ዮሐና አደረሰችኝ። ዳድ፣ ፕሊስ ኢምባራስ እንዳታደርገኝ እያለች ነው የገባችው። መጫወት ስጀምር ዌስሊ መሃል ላይ አስቆመኝና መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሆነህ ነው እንዴ የምትጫወተው አለኝ። ደገምኩ፤ ያው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክርና ካልሆነ ወደየቤታችን አለ፤ በትህትና ነው ያለው፣ ግን ተሰማኝ።

ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። ጎንበስ ብዬ ኢኮውን በገዛ እጄ አጠፋሁት። ጋሽዬ፣ ሰው ፊት ልብሴን ያወለቅኩ ነው የመሰለኝ። ለካ ኢኮ የምወደው ስለሚያምር አልነበረም፤ ስህተቴን ስለሚሸፍንልኝ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እጄን ወደ ብረቱ አስጠጋሁና ሳልፈራ መታሁት።

ጧ! ራሷ! ደረቅ፣ ሹል፣ በአፍንጫዋ የምትናገር የምትመስለዋ! ዌስሊ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ እሱ ራሱ አንዴ ብቻ መልሶ ዝም የሚል ኢኮ፣ ጨው ቆንጠር የማድረግ ያህል ጨመረልኝና ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሄድኩበት። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፤ ሁለቱም ጥርት ብለው ተሰሙ። ዌስሊ ስህተቶቹ እንዳሉ ይቆዩ፣ ሰው ነው የተጫወተው አለ። ዮሐና ስልኳን ጥላ ቆማ ታጨበጭብ ነበር። ቀሪዎቹንም ዘጠኝ ዘፈኖች አንተ ነህ የምትመታቸው ተባልኩልህ!

ዌስሊ ማን አስተማረህ አለኝ። ወንድሜ አልኩት። እንግዲያው አሁኑኑ ደውልለትና እናሰማው አለ። ዮሐና አየችኝ፣ እኔም አየኋት። እጽፍለታለሁ አልኩት።

ለገና እመጣለሁ። አምፕሊፋየሩን ተሸክሜ ነው የምመጣው፤ ጆሮህ ባይሰማም መዳፍህን ሣጥኑ ላይ ታሳርፋለህ። ድንገት በር እንደሚመታ ሆኖ ይመጣና ወዲያው ይቆማል፣ አይጎተትም። ዝም ብዬ እንዳይመስልህ፣ እዚያው ዌስሊ ቤት ሞክሬዋለሁ፤ ዮሐና ክሩን እየመታችልኝ፣ እኔ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ እጄን ሣጥኑ ላይ አድርጌ። እሱ ነው ጋሽዬ፤ ትለየዋለህ።

ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ቤትህን ይባርክ፣ በሰላም ያገናኘን።

ሠላሳ ዓመት ተከራክሮህ የተረታልህ
ታናሽ ወንድምህ