በሽማግሌው ኮት ኪስ የተገኙት ኪኒኖች

ኅዳር 4
ጠዋት ሻይ፣ ዳቦ፣ የደም ግፊት ኪኒን። እንደ ልማዴ ጉንጬ ውስጥ ሸጎጥኳት። ሽማግሌው ባሌ እንደ ፖሊስ ፊቴ ቆሟል።
«ዋጥሽ?»
«ዋጥኩ!»
ዞር ሲል ተፋኋትና ሰማያዊ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያንን ኮት ለብሶት አያውቅም። እሱም ግፊት አለበት፤ ኪኒናችን አንድ ዓይነት ነው። እሱ እንደ ከረሜላ ይውጣል።
እኔ ለምን አልውጥም? እንጃ... መሞት አልፈልግም። ብቻ፣ ለምን እንደምውጠው ጠፋኝ።

ኅዳር 9
ልጄ መጣች። ቀሚሷ ወገቡ ሰፍቷታል። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ የሰፋሁ ሴት «አምጪው ላጥብበው» ማለት አቃተኝ።
«እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?»
«እርጅና ነው።»
ምስኪን እርጅና፣ ስንቱን ይሸከም?

ኅዳር 10
ተኝቼ ዋልኩ። ኪኒኗም ኮቱ ኪስ ገባች።

ኅዳር 16
ጉድ ፈላ! የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ነበር። ሽማግሌው ሆዬ ሰማያዊ ኮቱን ለብሶ ከች! ክው አልኩ።
«ግራጫው ያምርብሃል» ብለው ማን ሰምቶኝ። የሚወስደን መኪና በር ላይ ቆሟል።
አዳራሹ ሲሞቀው መሐረቡን መዘዘ... ኪኒኖቹ እንደ ጥሬ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። አንዷ የሙሽራዋ አክስት ሾርባ ውስጥ ጠለቀች።
«አባዬ! መድኃኒትህን አትወስድም እንዴ?» ልጄ ጮኸች።
ኪኒኖቹን አየ። ከዚያ እኔን። ገባው።
«ረስቼ ነው» አለና አቀረቀረ።
ወቀሳ ያላወረደበት ሰው የለም። አክስቲቱ ማንኪያዋን እያወዛወዘች ገሠጸችው። እኔም አላፍር፣ «አይ ወንዶች!» አልኩ።

ኅዳር 17
ትናንት ማታ ከሠርጉ ቤት ስንገባ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን ፈታልኝ።
«መሮሽ ነው?» አለኝ።
«እንጃ...»
ሌላ አልጠየቀኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 18
ልጄ አባቷን ክሊኒክ ጎተተችው። እኔ አጃቢ። ነርሷ ግፊቱን ለካች፤ የጎረምሳ ነው። ግራ ገብቷት መጠየቅ ጀመረች።
«አባባ፣ እንቅልፍስ?»
«የለም። ሌሊት ማፍጠጥ፣ ቀን መጋደም ነው» አልኳት፣ ቀደም ብዬ።
«ምግብ ይበላሉ?»
«ጣዕሙ ከጠፋ ቆየ።»
«ደስ የሚልዎት ሥራስ?»
«ምን ደስታ አለ፣ የስፌት መኪናዬን እንኳ ማየት አስጠልቶኝ...»
ወይ አፌ!
ነርሷ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ልጄ እኔንና አባቷን እያፈራረቀች ታያለች። እሱ ኮርኒሱን ያያል፤ ሳቁን ሊይዝ ነው።
«እማማ፣ እስቲ ክንድዎን።»
ለካች። ደግማ ለካች። ፊቷ ተለወጠ። «እንዲህ ሆነው በእግርዎ መምጣትዎ ይገርማል» አለች። የሽማግሌው ሳቅ ጠፋ። እጄን ያዘ። ያኔ ፈራሁ።
ሐኪሙ ረጅም ሰዓት አዋራኝ። «ስንፍና አይደለም፣ እርጅናም አይደለም። ድብርት ሕመም ነው። መድኃኒት የመዋጥ ፍላጎትንም ይወስዳል» አለኝ።
ሕመም... እኔ እኮ ክፋት መስሎኝ ነበር።
ለድብርቱም መድኃኒት ሰጠኝ። ኪኒን አልውጥ ላለች ሴት ሌላ ኪኒን!

ኅዳር 30
እየዋጥኩ ነው፣ ሁለቱንም። ለውጥ የለም። ሐኪሙም «ቀስ ብሎ ነው» ብሏል። ነርሷ በየሳምንቱ ታዋራኛለች። እስካሁን የባሌን ማንኮራፋት አልጨረስነውም።

ታኅሣሥ 12
ግፊቴ ወረደ። ልቤ ግን... ጠዋት ከብዶኝ፣ ከሰዓት ቀለል አለኝ። ይሄም አንድ ነገር ነው።

ጥር 6
መድኃኒቴ ሊያልቅ ነው። ሽማግሌው «ላምጣልሽ» ሲለኝ «እኔ እሄዳለሁ» አልኩት። ራሴም ገረመኝ።
መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ወረፋ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ሹልክ ብሎ ፊቴ ገባ።
«ጌታዬ፣ ጀርባዬ ላይ ዓይን የለኝም እንጂ ፊቴ ላይ አለኝ!»
ሰዉ በሳቅ አወካ። ከረባቱ ተመልሶ መጨረሻ ቆመ። ባለመድኃኒት ቤቷ እየሳቀች «ለማን ነው?» አለችኝ።
«ለእኔ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።
ቤት ገብቼ ለሽማግሌው ነገርኩት። ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ካበቃሁ በኋላም ያየኛል።
«እስቲ ድገሚው» አለኝ።
ከመጀመሪያው ደገምኩለት። ሰውየውን ትንሽ አስረዘምኩት።