በሆኖራ ክንድ ላይ የተነቀሰው ስም

ለምወድሽ ልጄ ሮዊና፣

አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን፤ የጓሯችን ፖም ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቷል። አየርላንድ አሁንም ብርድ ነው አሉ፤ ደረትሽን ሸፍኚ።

አስተማሪ ሆና መጣች ስንላት የኖርናት የአያቴ አያት ሆኖራ ጉድ አፈላች! እዚህ ሆባርት ከተማ መዝገብ ቤት ሄጄ ስሟን አገኘሁት፤ ለካ በግ ሰርቃ ከአየርላንድ፣ ከኮርክ፣ ያኔ እስረኛ ይጋዝበት ወደነበረው ወደዚህ ደሴታችን በመርከብ የመጣች እስረኛ ናት። ለአክስትሽ ለቴልማ ስነግራት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የሞተ ሰው አታዋርጂ! አስተማሪ ነበረች አልኩሽ!» ብላ ጮኸችብኝ።

እኔ እንኳን ላፍር፣ ጭራሽ ጓጓሁ። ያኔ ጸሐፊዎቹ የእስረኛውን የገላ ምልክት ሁሉ ይመዘግቡ ነበር። ትንሿ ጣቷ እንደ አንቺው ቆልማማ ናት። ግራ ክንዷ ላይ «ኤለን» የሚል ንቅሳት አለ። ከሥሩ፣ «አገሯ ትታት የመጣቻት የሦስት ዓመት ልጇ» ይላል።

ይህን ሳነብላት ቴልማ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ከዚያ፣ «ልጅቷንስ ማን አሳደጋት?» አለችኝ።

አንቺ እዚያው ኮርክ ነሽና፣ እባክሽ ሥራ በማትገቢበት ቀን የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ስለ ኤለን ጠይቂልን። ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። የልጅቷን መቃብር ካገኘሽ ደግሞ፣ «እናትሽ ስምሽን ክንዷ ላይ ይዛ ነው ባሕር የተሻገረችው» በያት።

እናትሽ ሮዛሊን