በየኔታ አጥር ውስጥ የገባው መንገድ

ማክሰኞ

ዛሬም ተረፈች። አይሱዙው ከደባርቅ በኩል ኩርባውን ዞሮ ሲወርድ ልጄ ሰላም አስፋልቱ መሃል ነበረች። ሾፌሩ ክላክሱን አምባረቀው እንጂ ፍሬን አልነካም። በቦርሳዋ ማንጠልጠያ ጎትቼ አወጣኋት። ከዚያ እሷኑ ተቆጣሁ። ምን አጠፋች? የምቆጣው ሌላ ሰው አጣሁ።

እዚህ ዳባት ጫፍ፣ አዲሱ ሰፈር ቦታ ሲደርሰን እልል ብለን ነበር። አሁን ሳየው ቤት ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ። ወፍጮው ማዶ። ገበያው ማዶ። መውጫችን ደግሞ አንድ፣ እሱም ኩርባው አፍ ላይ።

ረቡዕ

ከምሠራበት ጤና ጣቢያ አስፈቅጄ ማዘጋጃ ቤት፣ ፕላን የሚሠሩት ጋ ሄድኩ። ያነጋገረኝ ልጅ ትሁት ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። “እህቴ፣ መንገዱ ሲሠራ ሰፈሩ አልነበረም። ሰፈሩ ሲሸነሸን ደግሞ መንገዱ አልቆ ነበር” አለኝ። ጉድ እኮ ነው! የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራልን አልኩት። ደብዳቤ እንጽፋለን አለ። ደብዳቤው እስኪደርስ ልጄ በክንፍ ትሻገር?

ባሌ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጠባቂ ስካውት ነው፣ ያለው ተራራው ላይ፣ ጨነቅ የሚባለው ካምፕ። ኔትወርክ አግኝቶ ደወለ። “አይዞሽ” ሲል ተቋረጠ።

ሐሙስ

ጧት እኔ አሻገርኳት። ስትመለስ ግን ሥራ ላይ ነኝ። መርፌ እየወጋሁ ጆሮዬ አስፋልቱ ላይ ነው።

ከሥራ ስወጣ አያ ደሴን አገኘኋቸው። ሰፈሩ ሳይሸነሸን በፊት ቦታው እርሻቸው ነበር። “እኛ መች አስፋልት ረግጠን እናውቃለን? ሰዉም ከብቱም ከአስፋልቱ ድልድይ ሥር ነበር የሚያልፈው” አሉኝ። ድልድዩ ዛሬም አለ፣ ክረምት ካልሆነ ደረቅ ነው። ወደሱ የሚወስደው መንገድ ነው የጠፋው። ቦታው ሲታደል የኔታ አያሌው ግቢ ውስጥ ገባ። የኔታ የድጓ መምህር ናቸው፣ ኮስታራ ሰው። በደረሳቸው ልክ በድንጋይ አጥረዋል። ምን ብዬ ልክሰሳቸው? ካርታ አላቸው።

“እሑድ ሽማግሌ ይዘን እንገባለን” አሉ አያ ደሴ።

ዓርብ

ዛሬም እኔ አሻገርኳት። ሥራ አረፈድኩ፣ ተቆጡኝ።

ቅዳሜ

እምቢ ቢሉስ? ሰላምን ኮሶዬ ያለችው እናቴ ጋ ልላካት? ትምህርቷስ? ወጡን አሳረርኩት። እሷ ግን ምንም ሳይመስላት በላች።

እሑድ

አያ ደሴና ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከየኔታ ደጅ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው። የኔታ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። ባለቤታቸው እትዬ የሺ “ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ተቀመጡ” አሉ።

“እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም” አሉ አያ ደሴ።

ወይ ጉድ! እንዲህ የሚባለው ልጅ ለመጠየቅ ነዋ! እትዬ የሺ ፊታቸው ተለዋወጠ። “ልጄ ገና አሥረኛ ክፍል ናት! ትማርበት! አልሰጥም!” ብለው በሩን ሊዘጉት ነው። ልጅቷ ከጓዳ ብቅ ብላ ሰማችና ተመልሳ ገባች።

“ኧረ እኛስ መንገድ ፈልገን ነው!” አሉ አያ ደሴ ደንግጠው። የሰላምንም ነገር፣ የድልድዩንም ነገር አከታትለው ነገሯቸው።

“መንገድ ብቻ?” እትዬ የሺ ደረታቸውን ይዘው ሳቁ። “መንገዱንማ ውሰዱት! እኔ ልጄን ልትወስዱብኝ መስሎኝ!” ከዚያ ወደኔ ዞሩ። “ያንቺ ናት የተረፈችው?” እንባዬ መጣ።

የኔታ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠላ ይዘዋል። የኔታ ቆመው ሰሙ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

“እናት ለእናት ከሰጠች እኔ ምን እላለሁ?” አሉ።

ሰኞ

አጥሩ ተከፈተ። ድንጋዩን የኔታ ራሳቸው ሲያነሱ ነበር። ሰላም ከድልድዩ ሥር ገብታ “እማዬ!” ብላ ጮኸች፣ ድምፅዋ ሲመለስላት ሳቀች። ከላይ አይሱዙ ክላክሱን እየነፋ አለፈ። ይንፋ!

ሥራዬን ስንት ቀን ነው በሙሉ ልቤ ሳልሠራ የቆየሁት? ዛሬ ሠራሁ። ከሰዓት በኋላ ግን በተራራው በኩል ደመናው ከበደ። ግንቦት እያለቀ ነው። ክረምቱ ሲገባ ያ ድልድይ ለጎርፍ እንጂ ለልጅ አይሆንም።

ነገ ለጉብታው ያ ትሁት ልጅ ጋ እመለሳለሁ። ወንበር ቢሰጠኝም አልቀመጥም።