ፎቶ ኮፒ ቤት ላለችው ፈርሂያ ስለተሰጠው ሃያ ስምንት ከሠላሳ

ለተከበሩ መምህር አድማሴ
የአፈርና ውሃ ጥበቃ ትምህርት መምህሬ
ባሉበት

ስድስት ተማሪ ስሙን የደረደረበትን፣ አንዷ ብቻ የሠራችውን የቡድን ሥራ መምህሩ የሚያርመው ማንን ለመመዘን ይሆን? ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። መልሱን ከማቅረቤ በፊት ግን እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ቀይ እስክርቢቶዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ በመካነ ሰላም፣ ከውጤት ማጣት በቀር ምንም አልሆንኩም፤ የመሪጌታ ልጅ ብሆንም የወሎ ሰው ነኝና አልሐምዱሊላህ!

፩. የወግዲን እርከኖች ሦስት ሳምንት በእግሬ ዞሬ፣ ገበሬ ጠይቄ፣ ሃያ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አምስቱ የቡድን አባሎቼም ስማቸውን ከነአባታቸው በትክክል በመንገር ተባብረውኛል። ጽሑፉን የተየበችልን የፎቶ ኮፒ ቤቷ ፈርሂያ ናት፤ እሷ ደግሞ ደንበኛ ይመጣልኛል ብላ ከየሽፋኑ ግርጌ ስሟንና ስልኳን የማስፈር ልማድ አላት። ሽፋኑ ሲጠብ፣ መጨረሻ ላይ የነበረው የእኔ ስም ወደ ሁለተኛው ገጽ ወረደ። እርስዎም ለአምስቱና ለፈርሂያ ሃያ ስምንት ከሠላሳ ሰጡ። በተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ስሟን ቢያጡት በገዛ እጅዎ ስለጨመሩላት ምስጋናዋ የላቀ ነው።

፪. ሬጅስትራር ብሄድ፣ አንቺ የለሽም፣ ፈርሂያ ግን አለች ተባልኩ። ጋዋን ለብሼ ፎቶ ተነስቻለሁ፤ ዲግሪዬ ግን ውጤቴ ካልተሟላ አይሰጠኝም። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የቅጥር ምዝገባ ደግሞ የፊታችን አርብ ይዘጋል።

፫. ይህኛው እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ትሕትና የተሞላበት ሐሳብ ነው። አባቴ ድጓ ያስተምራሉ፤ ስድስት ደቀ መዝሙር ተሰልፎ አንዱ ባዜመው ስድስቱን ሲያሳልፉ አላየሁም። እያንዳንዱን ፊታቸው አስቀምጠው ነው የሚጠይቁት። ጎረቤታችን ሸህ ሙሐመድኑርም ደረሶቻቸውን ቁርአን አንድ በአንድ ነው የሚያስቀሩት። ሁለቱም ፕሮጀክተር የላቸውም። እርስዎም ለእያንዳንዳችን አምስት ደቂቃ ሰጥተው፣ ይህ እርከን ለምን ተናደ ብለው ቢጠይቁን፣ እርከኑን ያየና ስሙን ብቻ ያዋጣ ወዲያው ይለያል። እኔ ዛሬውኑ ዝግጁ ነኝ። ፈርሂያም ዝግጁ ናት፤ ስትተይብ ተምራለችና ከአምስቱ ተመራቂዎች ትበልጣለች፣ ሞክሬያታለሁ።

እንግዲህ እስከ አርብ ድረስ መልስዎን እንዲጽፉልኝ፣ ስማችሁ እንደ እኔ ሁለተኛ ገጽ ላይ የቀረ እህት ወንድሞቼም ከዚህ ግልጽ ደብዳቤ ሥር ፊርማችሁን እንድታኖሩ እለምናለሁ።

ገጽ የሚገልጥ ጣት፣ ከጣቱ ጋር ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣
የሁለተኛው ገጽ ተማሪዎ
እድላዊት ቃለ ክርስቶስ

ማስታወሻ፦ ወረቀቱ ሲመለስልን፣ ገጽ አሥራ አራት ላይ ፈርሂያ ትየባው ቢሰለቻት ለእኔም ሳትነግረኝ ጣልቃ ያስገባችውን አየሁ፤ «መምህር፣ እዚህ ድረስ ካነበቡ ይደውሉልኝ፤ ወላሂ የዓመቱን ፎቶ ኮፒ በነፃ አነሳልዎታለሁ» ይላል። ከጎኑ ቀይ የራይት ምልክትዎ አለ። ስልኳ ግን እስካሁን አልጠራም።