ከረባት ስለሚስተካከልበት ኮፈን

ለተከበሩ የጥንታዊ መኪኖች ባለቤቶች ማኅበር የዳኞች ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እየጠየቅሁ፣ ወገብዎ ከኮፈን ኮፈን ሲያጎነብስ የዋለበትን ድካም እንዲረሳ፣ በተለይም ዐይንዎ እንዲበረታ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አሮጌ መኪናና መለዋወጫ እየገዛሁ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ስላለኝ፣ ባለፈው ውድድር ላይ የተናገሩትን ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ንግግር በየቀኑ አይገኝምና።

ነገሩን ላልሰሙ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። ታላቅ እህቴ ባለሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና አለቻት። ሟቹ ባለቤቷ በወጣትነታቸው አዲስ ገዝተዋት፣ አንድም ቀን ቀለም ሳያስነኳት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ነዷት። ማኅበርዎ ከፋብሪካ እንደወጣች ለቆየች መኪና ሜዳሊያ ይሰጣል ሲባል፣ እህቴ ለባሏ መታሰቢያ ይሆናል ብላ አቀረበቻት። እርስዎ ኮፈኑን ከፍተው ውስጡን አዩና በተሰበሰበው ሰው ፊት «ይህ የመንደር ቀቢ ሥራ ነው፤ ባለቤትዎ አታለውዎታል» ብለዋት ዘጉት። ውስጡ ተፍቆ እንደገና ካልተቀባ መኪናዋ ከማኅበሩ እንድትሰረዝም አዘዙ። ስለዚህ ሁሉ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ፋብሪካውን ከራሱ ከፋብሪካው በላይ ስላወቁልን እናመሰግናለን። እኛ ተራ ሰዎች፣ እነዚያ የፋብሪካ ቀቢዎች አንዱን መኪና ሳይጨርሱ ሌላው እየደረሰባቸው፣ ውጩን አሳምረው ማንም የማያየውን የኮፈን ውስጥ አንዴ እፍ ብለውበት የሚያልፉ ይመስለን ነበር። ስለዚህም ቀለሙ ቢሳሳ፣ ከሥሩ ያለው ቀዩ የዝገት መከላከያ ቅብ፣ አንቲረስቱ፣ በየጥጉ ብቅ ቢል፣ ከማጠፊያው አጠገብም አንዲት ጠብታ ወርዳ ብትደርቅ አይደንቀንም ነበር። ለካ የፋብሪካ ሠራተኛ አይቸኩልም፣ አይሰለችም፣ የምሳ ሰዓትም አይደርስበትም።

፪ኛ፦ የነጭ ጓንትዎ ንጽሕና የሚያስቀና ነው። ያችን ጠብታ በጥፍርዎ ተከትለዋት ቢሆን ኖሮ ግን፣ ፋብሪካው ካጣበቀው የጠርዝ ጎማ ሥር ስትገባ ያገኟት ነበር። ሙጫው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ ጎማው ከተለጠፈ ወዲህ ማንም አላነሣውም፤ ቀለሙ ከጎማው በፊት እዚያው ፋብሪካ የተቀባ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፣ ጥፍር ይበቃል።

፫ኛ፦ ሜዳሊያውን ለሰጡት መኪና ባለቤት እንኳን ደስ ያለው። የኮፈኑ ውስጥ እንደ መስታወት ከማብለጭለጩ የተነሣ፣ እርስዎ ከረባትዎን ሲያስተካክሉበት ሁላችንም አይተናል። አስተካክለውም ሲያበቁ «ፋብሪካ ማለት ይህ ነው! ልክ እንደኔዋ መኪና!» አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

፬ኛውን ምስጋና ልለው አልችልም። እህቴ ትእዛዝዎን አክብራ ከቀቢ ጋር ቀጠሮ ይዛ፣ ብርጭቆ ወረቀቱንም ገዝታ ሱቄ መጣች። «አንተ፣ ሰውዬው ይህን ሁሉ ዘመን ዋሽቶኝ ኖሯል እንዴ?» አለችኝ። ሰውዬው የምትለው ባሏን ነው። ከዚያ በፊት «የኔ ጌታ» ከማለት በቀር በሌላ ስትጠራቸው ሰምቼ አላውቅም። መቃብር የገባ ሰው ለራሱ አይመሰክርም፤ የቀረችላቸው ምስክር ያች ጠብታ ነበረች፣ እርስዎም ምስክሯ ትፋቅ ብለው ፈረዱ።

ኮፈኑን ከፍቼ የጎማውን ጫፍ በዝግታ ገለጥሁላት። ጎንበስ ብላ ብዙ አየች፤ በጣቷም ዳሰሰቻት። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠችና «በል ይህን ሽጠው። ሜዳሊያውንም ለከረባቱ ያድርገው» ብላ መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። ቀቢው እስካሁን እየጠበቃት ይሆናል።

እንግዲህ የምለምንዎ ነጥብ አይደለም፣ ሜዳሊያም አይደለም። በሰው ፊት «አታለውዎታል» እንዳሏት፣ በሰው ፊት «አላታለሉዎትም» እንዲሏት ብቻ ነው። አጭር ቃል ነች፤ ጓንት ሳይወልቅም ትባላለች።

ለማኅበሩ ክብር፣ ለጓንትዎ ንጣት፣ ለከረባትዎም ቀጥ ማለት ዘወትር የሚጨነቀው፣
ከእግርዎ ሥር የማይጠፋው፣
የአሮጌ መኪናና የመለዋወጫ ነጋዴ

ሳልረሳው፦ ዳኞችዎ የየመኪናውን ኮፈን ከእርስዎ መኪና ኮፈን ጋር እያመሳከሩ እንደሚፈርዱ ሰምቻለሁ። መኪናዋን የሸጥሁልዎ እኔ መሆኔን ያስታውሳሉ። ያን ቀን ኮፈኑ ተለውጦ በእኛው ጋራዥ የተቀባ መሆኑን ልነግርዎ ብጀምር «የፋብሪካ ቀለም እኔን አታስተምረኝ» ብለው አስቆሙኝ። ውስጡ እንዲያ የሚያብለጨልጨው፣ ቀቢያችን የተበጠበጠ ቀለም መድፋት ስለማይወድ ደጋግሞ ስላለበሰው ነው። ያም ሆኖ ተረፈውና የጋራዡን የጓሮ በር ቀባበት። ትክክለኛውን የፋብሪካ ቀለም ማየት ለሚሹ ዳኞች ሁሉ በሩ እዚያው አለ፤ ዝናብ ስለመታው ግን ጥቂት ነጥብ ይቀንሱበት።