የባንዱ መሪ መጥቶ ነበር

ልጄ፣ ጉሮሮሽን ከብርድ፣ እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ትናንት ስፌት ቤት አዲሱን የጭፈራ ዘፈንሽን ከፍተውት፣ ሳይታወቀኝ የስፌት መኪናዬን ፔዳል በምቱ ስረግጥ የያዝኩትን የደንበኛ ሸሚዝ እጅጌ ጫፉን ሰፍቼ ዘጋሁት። አለቃችን «እትዬ፣ ደንበኛው እጁን በየት ያውጣ?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔም ስቄ ስቄ አለቀስኩ።

አባትሽ በሞተ ዓመት ያ ስትዘፍኚ የሰማሽ የባንዱ መሪ ሊወስድሽ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ «መዝፈን ትታለች» ብዬ መለስኩት። አንቺ ግን «ድምፄን ንቆ ቀረ» ብለሽ ስንት ዓመት አንገትሽን ደፍተሽ ኖርሽ። ወዶት ነበር፣ ልጄ፤ ዛሬ ሀገር ምድሩ እንደወደደው። በአፌ መናገር ቢያቅተኝ፣ ራሴን በራሴ ባስተማርኩት ፊደል ጻፍኩልሽ።

ደውዪና ተቆጪኝ፤ ዝም ብቻ አትበዪኝ። በቆምሽበት መድረክ ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ።

እናትሽ