ስለ አሥራ ሁለተኛው ሕፃን የቀረበ ምስጋና

ዶካ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕፃናት ኤችአይቪ ሕክምና ማስፋፊያ መርሐ ግብር ክቡር ሥራ አስኪያጅ
ገዳሪፍ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለጤንነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለቢሮዎ ማቀዝቀዣና ማቀዝቀዣውን ለሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኛ በዶካ ዳርቻ ባለችው የቆርቆሮ ክሊኒክ ያለን ሰዎች ከሙቀቱ፣ ከዝንቡና ከእርስዎ ቅጾች በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እኔ ዙፋን እባላለሁ። መተማ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ኖሬ ከሁለት ዓመት በፊት ድንበር ተሻግሬ ወደ ሱዳን መጣሁ። በክሊኒኳ መዝጋቢ፣ አስተርጓሚ፣ የጤና አስተማሪና ጠራጊ ነኝ፤ ከእነዚህ ማዕረጎች በደብዳቤ የተሰጠኝ የመጨረሻው ብቻ ነው። ሕክምናውን የሚሰጠው ነርስ ሃየሎም ሲሆን፣ እሱም ጠዋት ጠዋት ከኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ በሎሪ ተንጠልጥሎ ይመጣል። ቫይረሱ በደማቸው ያለ አሥራ አንድ ሕፃናትን እንከታተላለን፤ ገሚሶቹ የመጠለያው፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሰሊጥ ሊያጭዱ መጥተው እዚሁ የቀሩ የጎንደር ሰዎች ልጆች ናቸው። በግል የላክሁልዎ ዘጠኝ ደብዳቤዎች በሥራ ብዛትዎ ምክንያት ሳይነበቡ ስለቀሩ፣ ምስጋናዬን እንግዲህ በግልጽና በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ማስፋፋቱ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ማስፋፊያው ሲጀመር መጀመሪያ የሰፋው የመርሐ ግብሩ ስም ነበር፤ ቀጥሎ ከአንድ ገጽ ወደ ዘጠኝ ገጽ ቅጹ ሰፋ። ከዚያም «የሕፃናት ኤችአይቪ ሕክምና እዚህ ይሰጣል» የሚል ሰባት ሜትር ባነር መጣልን። እናቶች ጎረቤት እንዳያያቸው ተሸፋፍነው በጓሮ በር በሚገቡበት ክሊኒክ ላይ እሱን መስቀል ስላልቻልን፣ ገልብጠን የሚያፈሰውን ጣራ ሸፈንበት። እጅግ ጥሩ ባነር ነው፤ ጠብ አይልም። ባነሩን ያመጣው ሾፌርዎ ሲመለስ የሕፃናት ሚዛናችንን ለእድሳት ይዞ ሄደ። «ቡክራ ይመለሳል» ብሎ ፈረመልኝ። ቡክራ በዐረብኛ ነገ ማለት ነው ብለው አስተምረውኝ ነበር፤ ዓመት ሞላው።

2ኛ. ስለ ፖስተሮቹ። ሚዛን ይላክልን ብለን በጻፍን በአራተኛው ወር ትልቅ ካርቶን ደረሰን፤ ሃየሎም ደስ ብሎት በጥርሱ ነው የከፈተው። ውስጡ «የሕፃናት ትክክለኛ አመዛዘን» የሚሉ አሥራ ሁለት ባለቀለም ፖስተሮች ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የሚያምር ሚዛን ተሥሏል።

የዚያን ዕለት አንዲት የአምስት ዓመት ታካሚያችን ከአጎቷ ጋር መጥታ ነበር። ስሟን አልጽፍም፤ አዋቂውን ሁሉ እንደ እመቤት ስለምታዝዝ እሜቴ ልበላት። እሜቴ አንዱን ፖስተር መሬት ላይ ዘረጋችና ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ስንት ሆንኩ?» ብላ ሃየሎምን ጠየቀችው። ሃየሎም ጎንበስ ብሎ ጫማዋን አጠለቀላት።

3ኛ. ከዚህ በኋላ ላለው ምስጋናዬ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ጥቂት ይረዝማል።

ቢሮዎ እንደሚያውቀው የሕፃናቱ መድኃኒት የሚሰጠው በኪሎ ነው። ከአሥር ኪሎ ጀምሮ በቀን አራት ፍሬ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ልጁ አሥራ አራት ኪሎ ሲሞላ አምስት ይሆናል። የእሜቴ ካርድ ላይ ያለው ክብደት ያለፈው ዓመት ነበር፤ አሥራ ሁለት ኪሎ። ቀሚሷ ግን ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ ጉልበቷ ላይ ደርሷል። በጥር ወር የደም ውጤቷ ሲመጣ፣ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። አጎቷ አንድም ቀን መድኃኒቱን አላስተጓጎለም። ሃየሎም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «መድኃኒቱ አንሷት ይሆናል። በግምት ጨምሬ ብሳሳትስ? ሳልጨምር ብቀርስ?» አለኝ። ጨምረን እንስጣት ብለን ቢሮዎን ስንጠይቅ «ክብደቷ በሚዛን ተረጋግጦ ይቅረብ» የሚል ፈጣን መልስ አገኘን። ስለ ፍጥነቱ ከልብ አመሰግናለሁ።

በዶካ ገበያ ልጅ የሚችል ሚዛን ያላት ሐጃ ሂያም ናት። ሰሊጥ ነጋዴ ናት፤ አማርኛ የተማረችው ከእኛ ሠራተኞች ጋር ዋጋ ስትከራከር ስለሆነ ሰላምታ ስትሰጥ እንኳ የምትከራከር ይመስላል። አሥራ አንድ የታወቁ ልጆችን ብቻ ይዤ ገበያ ብወጣ ግን ሰው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲያ እነዚያ ልጆች ሰፈር ውስጥ አብሯቸው የሚጫወት አያገኙም። ስለዚህ በየካቲት አንድ ቅዳሜ «የልጆች የኪሎ ውድድር፤ ሽልማቱ ከረሜላ» ብዬ አስወራሁ።

ሐጃ ሂያም ሚዛኗ ላይ ቅርጫት ሰቀለች። እሜቴ ቅርጫቱ ውስጥ ገብታ እንደ ሹም ተቀመጠች።

«ኪሎዋን ነው ዋጋዋን?» አለች ሐጃ።

«ኪሎዋን ብቻ።»

«አሥራ አራት ከግማሽ። ቅርጫቱን ቀንሻለሁ፤ እኔ አላጭበረብርም።»

የደስታዬን መጠን ልገልጽልዎ አልችልም። የቀሩት አሥሩ ሲመዘኑ ሁሉም እዚያው በነበሩበት መጠን ውስጥ ተገኙ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከአቅሜ በላይ ነበር። ከስልሳ በላይ ጤነኛ ልጆች ተሰለፉ፤ ሁለት የሎሪ ሾፌሮችም ተሰልፈው ሐጃ በቁጣ አባረረቻቸው። የሌሎቹን ኪሎ በካርቶን ላይ፣ የእኛዎቹን ደግሞ በጉያዬ በያዝኩት የእርስዎ ቅጽ ላይ ስጽፍ ዋልኩ። የትኞቹ የእኛ እንደነበሩ ሐጃ ሂያም ራሷ እስከ ዛሬ አታውቅም።

በመጨረሻ ጆንያ የሚጭነው ባንታምላክ ግልገል ፍየሉን ታቅፎ መጣ።

«ባንታምላክ፣ ይሄ የሕፃናት ነው» አልኩት።

«እሱስ ሕፃን አይደለም? ገና ሦስት ወሩ ነው!»

ፍየሉ ተመዘነ፤ ሰባት ኪሎ። ባንታምላክ ግን በካርቶን ላይ መጻፉን አልወደደም። ጉያዬ ያለውን ቅጽ አይቶ፣ «በደኅናው ወረቀት ጻፊልኝ እንጂ! ፍየል ነው ብለሽ ናቅሽው?» እያለ ሲጮህ ገበያው በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። ሰው መጥቶ ቅጹን እንዳያነብብኝ ስል በአሥራ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ቶሎ ቶሎ ሞላሁ። ስም፦ ፍየሉ። የአባት ስም፦ ባንታምላክ። ፆታ፦ ወንድ። ዕድሜ፦ ሦስት ወር። የአባት ስልክ ቁጥር፦ ባንታምላክ በኩራት ተናገረ፣ እኔም ጻፍኩ። ማታ እቀደዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሾፌርዎ ግን በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጠሮው ሰዓት መጥቶ ፋይሉን ወሰደው።

4ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ። በመጋቢት መጀመሪያ ከቢሮዎ የመጣውን ደብዳቤ ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ «ከቀረቡት አሥራ ሁለት ቅጾች አሥራ አንዱ የአባት ስልክ ቁጥር የሌላቸውና ክብደታቸውም ባልጸደቀ ሚዛን የተወሰደ በመሆኑ ተመላሽ ተደርገዋል። 12ኛው ተሟልቶ በመገኘቱ ጸድቋል።» ክቡር ሆይ፣ አሥራ ሁለቱም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ቅርጫት ነው የተመዘኑት። ከእኛ ልጆች የብዙዎቹ አባት ሞቷል፣ የቀሩትም የት እንዳሉ አይታወቅም። ሕያው አባትና የሚሠራ ስልክ ያለው ፍየሉ ብቻ ነበር።

ከደብዳቤው ጋር፣ ከአሥራ አንዱ ልጆች የቀድሞ መጠን ሌላ፣ በፍየሉ ባንታምላክ ስም የአንድ ወር መድኃኒት መጣ፤ በቀን ሦስት፣ በድምሩ ዘጠና ፍሬ። በሪፖርትዎም ታካሚዎቻችን ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ ሁለት መስፋፋታቸውን አነበብን። እኔ የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና እውነቱን ወዲያው ጻፍኩልዎ፤ አሥራ ሁለተኛው ፍየል ነው አልኩ። ቢሮዎ «ተመዝጋቢን መሰረዝ የሚቻለው ወላጁ በአካል ቀርቦ ሲፈርም ነው» ብሎ መለሰ። ባንታምላክን ለመንኩት። «ልጄን አልክድም» አለኝ።

ሃየሎም የመድኃኒቱን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ኔትወርክ ፍለጋ ጣራ ላይ ወጣና ሌላ ከተማ ላለች አንዲት የሕፃናት ሐኪም ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ የእሜቴን ኪሎና የደም ውጤት ነገራት።

«ዛሬውኑ አምስት ስጣት፤ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

«መድኃኒቱ በሌላ ታካሚ ስም ነው የመጣው።»

«ታካሚው ይቸገራል?»

ሃየሎም ቁልቁል እኔን አየኝ። ከእኔ ኋላ ፍየሉ ከፖስተሮችዎ አንዱን እየበላ ነበር።

«አይመስለኝም» አላት።

ከሚያዝያ አንድ ጀምሮ ለእሜቴ በቀን አንድ ፍሬ ከፍየሉ ድርሻ ተጨመረላት። ለፍየል የአንድ ወር የሆነው ለእሷ ሦስት ወር ሆነ። ባለፈው ማክሰኞ አዲሱ ውጤቷ መጣ፤ ቫይረሱ መሣሪያው ሊያየው እስከማይችል ድረስ ወርዷል። ሃየሎም ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበና «ፊቴን ልታጠብ» ብሎ ወጣ። የዚያን ቀን ውኃ አልነበረንም። አጎቷ ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እንግዲህ አላበላሸሁም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አምስት ወር ሙሉ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ሳይተኛ ነው የከረመው። አላበላሸህም፣ አንተ ትክክል ነበርህ አልኩት። ክቡር ሆይ፣ ያን ቃል ለእሱ ሊነግረው የሚገባው ከእኔ ይልቅ ቢሮዎ ነበር።

5ኛ. ይህ ምስጋና ሳይሆን ልመና ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ ቁጥር ሰጠሁት። ዘጠናው ፍሬ ነገ ያልቃል። ፍየሉ የክትትል ቀጠሮውን ስላላከበረ ቀጣዩ መድኃኒት ተከልክሏል። እሜቴ ከነገ ወዲያ ጠዋት አምስተኛዋን ፍሬ ትፈልጋለች፤ ቆጥራ ነው የምትቀበለው፣ ሊያታልሏትም አይቻልም። ሌላውን ሁሉ ይተዉት፤ ፍሬዋን ብቻ ይላኩልን። እኔም የአባት ስልክ በሚለው ሳጥን ውስጥ የእርስዎን የቢሮ ስልክ ጽፌ ቅጹን አሟልቼ ልኬዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እሷ የሚደወለው ለእርስዎ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ትደግልዎ።

በዶካ ዳርቻ የምትገኘው የክሊኒክዎ መዝጋቢ፣ አስተርጓሚ፣ የጤና አስተማሪና በደብዳቤ የተሾመች ጠራጊ፣ ትሑት አገልጋይዎና ሳትታክት የምትጽፍልዎ፣

ዙፋን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ከጨረስኩ በኋላ ከቢሮዎ የጥሪ ካርድ ደረሰኝ፤ በመርሐ ግብሩ የምሥረታ በዓል ላይ ፍየሉ ባንታምላክ ከወላጁ ጋር ተገኝቶ ኬክ እንዲቆርስ ይጋብዛል። ተጋባዡ ባለፈው ፋሲካ በወላጁ ቤት ስለተበላ መገኘት እንደማይችል በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ሕክምናውን ያቋረጠበትን ምክንያት እንድሞላ በላኩልኝ ቅጽ ላይ ከተዘረዘሩት አማራጮች «በቤተሰቡ እንክብካቤ ሥር ይገኛል» የሚለውን መርጫለሁ፤ ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነበር።